ፂም ማስረጃ፣ ኒቃብ ወንጀል አይደለም!

ቢስሚላሂ ራሕማኒ ራሒም

 

በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሰልፍ አለ እንበል። ሰልፈኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይፈተሻል፣ ቦርሳውን ከፍቶ ያሳያል፣ ያልፋል። ፂሙን ያሳደገው፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ያደረገው ወጣት ተራው ሲደርስ ግን ፍተሻው ወደ ምርመራ ይለወጣል። «ከየት ነው የመጣኸው? ማንን ነው የምትፈልገው? እስቲ ስልክህን ክፈተው!» ከኋላው የቆመችው ኒቃብ የለበሰች እህት ደግሞ ገና ቃል ሳትተነፍስ «አንቺ ወደዚያ ዞር በይ!» ትባላለች። ከፊታቸው ያለፉት ሰዎች የተጠየቁት ምን እንደያዙ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ምን እንደያዙ ከመታየቱ በፊት ምን እንደሆኑ ተወስኖባቸዋል።

ይህ በየከተማችን የምናውቀው ነገር ነው። በስልክ ተስማምቶ፣ ቀብድ ሊከፍል ባለቤቱን ይዞ ሲመጣ «ይቅርታ፣ ቤቱ ተይዟል» የተባለ ስንት ነው? የትምህርት ማስረጃዋ ተመርምሮ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ፣ ሂጃቧ ሲታይ «እንደውልልሻለን» ተብላ እስከ ዛሬ ስልክ የምትጠብቅስ? በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከሙሉ መንገደኛ መካከል ተለይቶ «አንተ ኮፍያ ያደረግከው፣ ውረድ!» የተባለስ? አንዳቸውም የሠሩት ጥፋት የለም። አንዳቸውም ሊሠሩት ያሰቡት ጥፋት ስለመኖሩ የቀረበ ፍንጭ የለም። የተከሰሱበትም የተፈረደባቸውም መልካቸው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው!

ከመነሻው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ፍተሻን አንቃወምም። የሕዝብ ደኅንነት የእኛም ደኅንነት ነው፤ በገበያው፣ በአውቶቡሱ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኛም ነን። ሁሉም የሚፈተሽ ከሆነ ሁላችንም እንፈተሻለን፤ ቦርሳችንንም ከማንም ቀድመን እንከፍታለን። የምንቃወመው መለየትን ነው። አንዱን ዜጋ በሠራው፣ ሌላውን ዜጋ በመሰለው የሚመዝን ሚዛን የደኅንነት ሚዛን አይደለም። የአድልዎ ሚዛን ነው።

ጥርጣሬውን ማን አስተማረ?

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ልብ የሚፈርደው ግን በተማረው ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ፂምን ከአደጋ ጋር አያይዞ አልተወለደም። አብዛኛውን ጊዜ እርሱም በትንሽ ደመወዝ ቀን ከሌት የሚቆም፣ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ቡና የሚጠጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ የድሃ ልጅ ነው። ታዲያ የጎረቤቱን ፂም ሲያይ የማይፈራው ሰው የማያውቀውን ወጣት ፂም ሲያይ ለምን ደነገጠ? ስላስተማሩት ነው።

ማን እንዳስተማረው ለማወቅ ብዙ ዓመት ወደኋላ መሄድ አያስፈልግም። በ2004 ዓ.ም ከአወሊያ የተነሳው የሕዝበ ሙስሊሙ እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄዎችን አንስቷል፦ የመጅሊስ አመራር በሕዝብ ነፃ ምርጫ ይመረጥ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፤ አወሊያ ሕዝቡ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። ጥያቄዎቹ ሕዝቡ በወከላቸው ሰዎች አማካይነት ለመንግሥት ቀርበዋል። ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ ሊተቹም፣ በምክንያት ውድቅ ሊደረጉም ይችሉ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 2004 ወኪሎቹ ታሰሩ። በ2005 ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ተይዞ ሳለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ ቀረበ። በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰው በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ከዚያ ፊልም በተመልካቹ አእምሮ የቀረው የክሱ አንቀጽ አይደለም። ሦስቱ ጥያቄዎችም አይደሉም። የቀረው መልክ ነው፦ ፂም፣ ጀለቢያ፣ ኮፍያ፣ ሂጃብ። «አክራሪ» የሚለው ቃል ትርጉም ሳይሰጠው ልብስ ተሰጠው። ዓመታት አለፉ፤ እስረኞቹም ተፈቱ። ሽብርተኛ ከተባሉት መካከል ስለ ሕዝበ ሙስሊሙ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አሉ። ትናንት «አደገኛ» የተባለው ሰው ዛሬ አማካሪ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስህተቱ የተፈጸመው በሰውየው ላይ ብቻ አልነበረም። እርሱን በመሰለ ሁሉ ላይ ነው! የታሰረው ተፈትቷል፤ መልኩ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ነጃሺ ምን አደረገ?

በቁረይሾች ግፍ የተገፉ ሰሐቦች ከ1,400 ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር ገቡ። ለአገሬው ሰው ፍጹም እንግዶች ነበሩ። ቋንቋቸው እንግዳ፣ ሁኔታቸው እንግዳ፣ ሃይማኖታቸውም ከዚያ በፊት ያልተሰማ። ተከታትለዋቸው የመጡት የቁረይሽ መልእክተኞች፣ ዐምር ኢብኑል ዓስና ጓደኛው፣ አስቀድመው ለንጉሡ ሹማምንት ስጦታ አደሉ። ስደተኞቹን የአባቶቻቸውን እምነት የካዱ፣ በንጉሡም ሃይማኖት ያልገቡ አጉል ጎረምሶች አድርገው ሣሏቸው። የጠየቁትም አንድ ነገር ነበር፦ ንጉሡ ሳያነጋግራቸው አሳልፎ እንዲሰጣቸው። ሹማምንቱም ይህንኑ ደገፉ።

ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። አስጠራቸው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ስለ ሁሉም ተናገረ። ንጉሡ አደመጠ፣ ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ፈረደ።

የአሠራሩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ! መጀመሪያ መጥራት፣ ቀጥሎ መስማት፣ በመጨረሻ መፍረድ። ዛሬ በየበሩ የምናየው ተገላቢጦሹ ነው፦ መጀመሪያ መፍረድ፣ ቀጥሎ ማባረር፣ መስማት ደግሞ ጨርሶ የለም። ባለሥልጣናት በየመድረኩ ነጃሺን ያወድሳሉ፤ «የመጀመሪያው ሂጅራ አገር ነን» ይላሉ። እውነት ነው፣ ነን። ነገር ግን የነጃሺ ክብር እንግዶችን ማስጠለሉ ብቻ አልነበረም። ሌሎች በነገሩት ምስል እንዳይፈርድ ራሱን መግዛቱ ነው። ይህን ያልወረሰ ሰው ከነጃሺ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ የተፈጸመው በአክሱም መንግሥት ዘመን ነው። በ2017 ዓ.ም በዚያችው በአክሱም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃባቸውን ካላወለቁ እንዳይማሩ ተከለከሉ። ከ150 በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች በዚህ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ እንዳመለጣቸው የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታውቋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር ወርም በመቀሌ ሕዝበ ሙስሊሙ አደባባይ ወጥቶ ድምፁን አሰማ።

እነዚህ ልጆች እንኳ እንግዶች አልነበሩም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የበቁ፣ በዚያችው ከተማ ያደጉ፣ መምህራን በስም የሚያውቋቸው ልጆች ናቸው። መልክን መመዘኛ ማድረግ የሚያመጣው መዘዝ ይኸው ነው፤ የማታውቀውን ሰው እንድትጠረጥር በማስተማር ይጀምርና የምታውቀውን ልጅ እንግዳ በማድረግ ይጨርሳል። የጨርቅ ቁራጭ ስሟን ሸፈነው፣ ውጤቷን ሸፈነው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሟን ሸፈነው። በዚያች ምድር የመጡ ባዕዳን በንጉሥ ፊት ተሰምተዋል፤ የምድሪቱ ልጆች በርዕሰ መምህር ፊት መሰማት ተነፈጋቸው!

«ለደኅንነት ሲባል ነው» ለሚሉን

ሰውን በመልኩ መለየት ወንጀልን ይከላከላል የሚሉ አሉ። ይህ በሌሎች አገሮች በተግባር የተሞከረ ነገር ነውና ውጤቱን እንይ።

የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ከ685 ሺህ ጊዜ በላይ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁሟል። ከቆሙት እጅግ የሚበዙት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ከመቶው 88ቱ ምንም ሳይገኝባቸው ተለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ስትል ወሰነች። ማስቆሙ በብዙ እጥፍ ሲቀንስ ከተማዋ በወንጀል ትጥለቀለቃለች የተባለው አልደረሰም። ያ ሁሉ መቶ ሺህ ውርደት ለከንቱ ነበር!

የለንደኑ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ፖሊሶች አንድ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አጥፍቶ ጠፊ መስሏቸው ባቡር ውስጥ ተኩሰው ገደሉት። በመጀመሪያ «በበጋ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ነበር፣ የጣቢያውን መግቢያ ዘሎ ሮጠ» ተባለ። ኋላ ሲጣራ የለበሰው ተራ የጂንስ ጃኬት ነበር፤ መግቢያውንም እንደማንኛውም ተሳፋሪ ካርዱን ተጠቅሞ ነበር ያለፈው። ዓይን አደጋ ሊያይ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የሌለ ካፖርት ያለብሳል! በአሪዞናም ከመስከረም 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት አራት ቀን በኋላ አንድ የሲክ እምነት ተከታይ በነዳጅ ማደያው ደጃፍ ተገደለ። ገዳዩ ያየው ጥምጣሙንና ፂሙን ብቻ ነው። ሟቹ ሙስሊም እንኳ አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ክፋት ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ሥራው መደበቅ ነው። ፂም የሚያስጠረጥር ከሆነ ፂሙን ተላጭቶ ይመጣል፤ ሱፍ የሚያስከብር ከሆነ ሱፍ ለብሶ ይመጣል። በሩ ላይ ያለው ዓይን ፂም ሲፈልግ ሱፍ የለበሰው በጎን ያልፋል። እምነቱን በፊቱ ላይ፣ በልብሱ ላይ በግልጽ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁሉም ያነሰ የሚደበቅ ሰው ነው። እርሱን መጠርጠር ያልተደበቀውን እያሳደዱ ለተደበቀው በር መክፈት ነው። ስለዚህ መልክን መጠርጠር ግፍ ብቻ ሳይሆን ስንፍናም ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1987 የጸደቀው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ክሱ በፍርድ ያልተረጋገጠበትን ተከሳሽ እንኳ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ለተከሰሰ ሰው ይህ ከተሰጠ፣ ማንም ያልከሰሰው መንገደኛ ንጹሕነቱን እንዲያረጋግጥ የሚጠየቀው በየትኛው ሕግ ነው? አንቀጽ 25 በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 26 ያለ ሕጋዊ ምክንያት የሰው አካል፣ ንብረትና መልእክት እንዳይበረበር ይጠብቃል፤ በስልካችን ውስጥ ያለውም መልእክት ነው። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ፣ ያውም የሕዝብን ደኅንነትና የመሳሰሉትን ለመጠበቅ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የበር ጠባቂ ግምት ሕግ አይደለም። የኃላፊ ስሜት ሕግ አይደለም። «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» የሚል፣ ቁጥርም ፊርማም የሌለው ወሬም ሕግ አይደለም!

«ኒቃብ ማንነትን ለማረጋገጥ ያስቸግራል» ይሉናል። መልሱ ቀላል ነው፤ እህቶቻችንም ደጋግመው ሰጥተውታል። ሴት ጥበቃ ወይም ሴት መምህርት በተከለለ ቦታ ፊቷን ከመታወቂያዋ ጋር ታመሳክር። የሚወስደው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ይህን መፍትሔ ቀርቦለት የማይቀበል ተቋም ችግሩ ማንነትን ማረጋገጥ እንዳልሆነ በራሱ አንደበት እየመሰከረ ነው።

ሚዛኑ በእኛም እጅ ላይ አለ

ወንድሞችና እህቶች! ከሌላው የምንጠይቀውን ከራሳችን ካልጠየቅን ጥያቄያችን ጉልበት አይኖረውም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሁጁራት የሰማነውን ወሬ እንድናጣራ፣ ከጥርጣሬ እንድንርቅ፣ የሰውን ነውር እንዳንሰልል አዝዞናል። ትእዛዙ የወረደው ለምእመናን ነው፤ ለእኛ ነው!

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰሐቦች ጋር ተቀምጠው ሳለ አንድ የተከበረ ሰው አለፈ። ስለ እርሱ ሲጠይቋቸው፣ ቢያጭ የሚዳርለት፣ ቢያማልድ የሚሰማ ሰው ነው አሉ። ቀጥሎ አንድ ድሃ ሙስሊም አለፈ። ይኸኛው ደግሞ ቢያጭም የሚድርለት፣ ቢናገርም የሚሰማው የለም አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ድሃ እንደዚያኛው ያሉ ሰዎች ምድርን ቢሞሉ ከሁሉም እንደሚበልጥ ነገሯቸው። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ በጦርነት ላይ ሸሃዳ የተናገረን ሰው «ሰይፉን ፈርቶ ነው» ብሎ ገምቶ በገደለ ጊዜም፣ ልቡን ከፍተህ አይተሃልን የሚል ከባድ ጥያቄ ነው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የገጠመው። የሰውን ልብ ከላይ ሆኖ አነበብኩ ማለት ለተወደደ ሰሐባ እንኳ አልተፈቀደም።

ታዲያ በመካከላችን ምን ይታያል? ፂሙን የተላጨውን «ካድሬ ነው» የሚል አለ። መስጂድ ውስጥ አዲስ ፊት ሲያይ «ጆሮ ጠቢ ነው» ብሎ ጀርባውን የሚሰጥ አለ። ሻርፗ ከፀጉሯ ሸርተት ያለባትን እህት «ዲኗን የተወች» አድርጎ የሚቆጥር፣ ወላጆቿ ቤት ስንት ሌሊት በሰላት እንደምታነጋ የማያውቅ አለ። ሙስባሃ የያዘውን አዛውንት «አሕባሽ»፣ ሱሪውን ያሳጠረውን ወጣት «ወሃቢያ» ብሎ ሳይጠይቅ የሚከፋፍል አለ። ማተብ ያሠረን ጎረቤት እንደ ጠላት የሚያይም አይጠፋም፤ ያ ጎረቤት ግን በአስቸጋሪዎቹ ቀናት ልጆቻችንን ቤቱ ያስጠለለ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ በበሩ ላይ ከቆመው ጥበቃ በምን ይለያል? እርሱ ቢያንስ ደመወዝ ይከፈለዋል!

የከፋፈሉን በመልክ ነው። በመልክ የምንከፋፈል እስከሆንን ድረስ ሥራቸውን እየሠራንላቸው ነው።

ምን እናድርግ?

ትግላችን ሰላማዊ ነው፤ ሰላማዊ ትግል ደግሞ ሥርዓት ይጠይቃል። በመልክህ ምክንያት ከሰልፍ የተለየህ ወንድሜ፣ ድምፅህን ከፍ አታድርግ፣ ጥበቃውንም አትስደብ። በእርጋታ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ፦ ከሌሎቹ የተለየሁበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን የሚያዝዘው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? ኃላፊው ማን ነው? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባልከውን ቃል በቃል ጻፍ። አጠገብህ የነበረ ሰው እንዲመሰክርልህ ጠይቅ፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ልዩነት የለውም። የሰዉ ሕሊና በሃይማኖት አይለያይም። በጽሑፍ የያዝከውን ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂ ተቋም አድርስ። ያልተጻፈ በደል ነገ «አልነበረም» ይባላል።

አንቺ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቀድመሽ ያለፍሽ፣ ማንም ያልጠየቀሽ እህቴም ሥራ አለሽ። ዞር ብለሽ «እኔ ያልተጠየቅኩትን እርሷ ለምን ትጠየቃለች?» በይ። ይህች አንድ ጥያቄ ከመቶ መግለጫ ትበልጣለች።

ከተቋማት ደግሞ የምንጠይቀው ልዩ መብት አይደለም። ፍተሻ ለሁሉም እኩል ይሁን። ለጥበቃ ሠራተኞች ምን ነገር እንደሚያጠራጥር በድርጊት እንጂ በመልክ ያልሆነ የጽሑፍ መመሪያ ይሰጣቸው፤ እኛም እንድናውቀው ለሕዝብ ይገለጽ። ሴቶች በሚያልፉበት በር ሁሉ ሴት ፈታሽ ትኑር። በልብሷ ምክንያት ትምህርት ወይም ፈተና ያመለጣት ተማሪ ያመለጣት ይመለስላት፤ ያስቀራት ኃላፊም ይጠየቅ። መገናኛ ብዙኃን ፂምንና ሂጃብን ለወንጀል ዜና ማድመቂያ ማድረጋቸውን ያቁሙ።

እኛ አታዩን አላልንም። ከማየታችሁ ጋር ስሙን ነው የምንለው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥያቄያችንን ከአፋችን ስሙት፤ ከፂማችን አታንብቡት! ይህን እስክታደርጉ ድረስ በሰላም፣ በትዕግሥትና በአንድነት መጠየቃችንን አናቆምም፤ ኢንሻአላህ!

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!